ክፍያው ስብሰባ ነው

ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ርዕሰ መምህሩን በየሳምንቱ ማየቴ አይቀርም፤ ልጁም ገና ስድስተኛን እዚያው ይማራል። ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ወላጅ በየቀኑ ይመጣል። ኮፒውን እየጠበቀ «የመንግሥቱ እንዴት ነው? ላምጣው እንዴ?» የማይለኝ የለም። እሱን ሳስረዳ ሌላው ደንበኛ ይሄድብኛል። አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ልገላገል።

ለቸኮለ ሰው፦ ምግቡ ጥሩ ነው። መምህራኑ ከጠበቅኩት በላይ ናቸው። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ መጽሐፍ ያጥራል፣ ውሃ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። በብር የምትከፍሉት የለም። ክፍያው ስብሰባ ነው። ስብሰባ የማትሄዱ ከሆነ ይሄን ትምህርት ቤት አልመክርላችሁም።

ከየት እንደመጣን ልንገራችሁ። ልጄ ከኬጂ ጀምሮ የግል ነበር። የግል ስል አውቶቡስና መዋኛ ያለውን እንዳይመስላችሁ። የሰው መኖሪያ ቤት ተከራይተው፣ ሳሎኑን በችፑድ ከፍለው ሁለት ክፍል ያደረጉት ነው። ግቢው ስለሚጠብ ልጆቹ እረፍት የሚወጡት በተራ ነው። ያም ሆኖ «ከፍለን ነው የምናስተምረው» እያልን ደረታችንን ነፍተን ኖርን። ከዚያ ጭማሪ መጣ። ደንቡ ጭማሪ ከወላጅ ጋር ይመከርበት ይላል። ተመከረ። ሰብስበውን የቤት ኪራይ ጨመረ፣ የመምህራን ደሞዝ ጨመረ አሉን። እውነትም ጨምሯል። አንድ አባት እጁን አውጥቶ «ለእኛስ ማን ጨመረልን?» አለ። ተሳቀ። ጭማሪውም አለፈ።

እኔ ደግሞ የምሸጠው ወረቀትና ቀለም ነው። ቶነርም ወረቀትም ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ፣ አንድ ደስጣ ወረቀት ስገዛ ዋጋውን ሁለቴ ነው የምጠይቀው፤ ተሳስተው እንደሆነ ብዬ። የኮፒ ዋጋ ደግሞ እንደልብ አይጨመርም፤ ተማሪው ጥሎሽ ወደ ሌላው ሱቅ ይሻገራል። ስለዚህ በቃ፣ ወደ መንግሥት።

መውጣቱ ራሱ ቀላል አይደለም። የመንግሥቱ የሚመዘግበው መልቀቂያ ሲኖር ነው። የግሉ ደግሞ መልቀቂያ የሚሰጠው ቀሪ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። እሱን ዘጋሁ። መታወቂያ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ ይዤ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ካርዱን አየት አድርጋ «ከግል ነው? ለምን አመጣሽው?» አለችኝ። በወቀሳ አይደለም፣ የምሯን ነው። «እናንተ ጋ ይሻላል ብዬ» ስላት ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያው ወላጅ ኮሚቴ ትገቢያለሽ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ላይ ዩኒፎርምና ደብተር ታደለ። ከ2012 ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይሄን በነፃ ይሰጣል። የልጄ ሹራብ እጁን እስከ ጣቱ ጫፍ ዋጠው። የሱሪው ወገብ ሌላ ልጅ ያስገባል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ወሩን ሙሉ ሌላ ሥራ አይዝም፤ በሩ ላይ ሱሪ የያዙ እናቶች ተሰልፈው ነው የሚውሉት። ይሄን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ለማሳጠሪያ የከፈልኩት በግሉ ትምህርት ቤት ለዩኒፎርም ከምከፍለው ጋር አይወዳደርም።

ምገባው ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው። ድሮ በበጎ አድራጊዎች እጅ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ነበር የተጀመረው። በ2012 ከተማው ራሱ ያዘውና አሁን ቁርስና ምሳ በየቀኑ አለ። የቆዩ መምህራን የሚያወሩት አላቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል አንድ ልጅ ዝርግት ይላል። ታመመ ተብሎ ወደ ቢሮ ይወሰዳል። ኋላ ሲጠየቅ ከትናንት ምሳ ወዲህ አልበላም። «አሁን ሰልፍ ላይ የሚያስቸግሩን የሚጋፉት ናቸው» አለችኝ አንዷ መምህርት እየሳቀች።

እኔ ራሴ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ገብቼ አየሁ። ልጄ ቤት ውስጥ ምስር አይነካም። እሱ ለምኜው፣ አስፈራርቼው፣ በካርቱን ደልዬው እምቢ ያለኝ ነገር ነው። እዚያ ትሪውን ይዞ ተሰልፏል። ደረሰና «ድንች ብቻ» አለ። መጋቢ እናት ጭልፋውን እንደያዙ ቁልቁል አዩትና «አንተ ድንች ብቻ እያልክ አታሞኘኝ። ምስሩም ይግባ!» አሉት። «እሺ እትዬ» ብሎ ሄዶ በላ። ዘወር ብሎ ሲያየኝ ደግሞ አፍሮ ሳቀ። ማታ ቤት ምስር ሠራሁ። አልነካም አለ።

ጉድለቱን ካልነገርኳችሁ ግምገማ አይባልም። ውሃ የጠፋ ቀን ምሳ ይዘገያል። እጅ መታጠቢያው ጥቂት ቧንቧ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ክፍል ልጆች እጃቸውን ሳይሆን ጣታቸውን ነው የሚያርሱት። እንጀራውም አንዳንድ ሳምንት ፊት ያስጨማድዳል፣ ያን ያህል ይኮመጥጣል። ወደ እንጀራው እመለስበታለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ስድሳ ገደማ ልጆች አሉ። ዴስኩ ለሁለት ተሠርቶ ሦስት ይቀመጡበታል። የመሀለኛው ሲጽፍ ክንዱን አጥፎ ነው። ከግል የመጣ ወላጅ ይሄን ሲያይ ልቡ ይወርዳል፤ የእኔም ወርዷል። ግን የሒሳብ መምህሯን ልንገራችሁ። ስድሳ ደብተር በአንድ ቀን ማረም እንደማይቻል ታውቃለች። ስለዚህ በረድፍ ከፍላዋለች። ሰኞ የመስኮት በኩል፣ ማክሰኞ መሀል፣ ረቡዕ የግድግዳ በኩል። ያ ረድፍ ደብተሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እሷ እየዞረች እዚያው ቆማ ታርማለች፤ የተሳሳተውን ጠረጴዛው ላይ አሠርታው ነው የምትሄደው። ልጄ የመስኮት በኩል ነው። ስለዚህ እሑድ ማታ ቤታችን ሁከት ነው። በግሉ ትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ በየገጹ ራይት ነበር፤ ከሥሩ ያለው ስሌት ግን ስህተት ሆኖ ያገኘሁት ጊዜ ነበር። እዚህ ኤክሱ ይበዛል። ኤክሱን ማን እንዳየው ግን አውቃለሁ።

የዚህችን መምህርት ደሞዝ አልጠየቅኳትም። ሱቄ መጥታ የፈተና ወረቀት ስታባዛ ከቦርሳዋ የምታወጣውን ብር አይቼ እገምታለሁ። የትምህርት ቤቱ ማባዣ ሲበላሽ ከኪሷ ናት።

አሁን መጽሐፍ። ይሄን ከእኔ የተሻለ የሚያወራ የለም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 በሰፊው ሥራ ላይ ዋለ። በ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ነበር፤ አሁን 6-2-4 ሆነ። እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከዚያ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። ግብረ ገብ ተመለሰ። ሥዕልና ሙዚቃ ክወናና ዕይታ ጥበባት ተብለው በአንድ መጡ። ሚኒስትሪ 8ኛ ላይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ 6ኛ ላይም ከተማው የሚያዘጋጀው ፈተና አለ። እኔም ጭንቀቴ እሱ ነው።

ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። መኮራረጅ ሲቀር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈተነው 3.3 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2015 3.2። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ደረሰ። የመጀመሪያው ውጤት የወጣ ሰሞን ሱቄ ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ውጤት ማተም የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ነገሩ 12ኛ ላይ እንዳልተበላሸ መቼም ግልጽ ነው። የተበላሸው ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ ሳይችል ወደ አራተኛ ሲያልፍ ነው።

እና ለውጡን በወረቀት ሳየው ወድጄዋለሁ። ችግሩ መጽሐፉ በወረቀት አለመምጣቱ ነበር። በሶፍት ኮፒ መጣ። ወላጅ ስልኩን ይዞ «ቴሌግራም ላይ አለ፣ አውጪልኝ» ይለኛል። ለሱቄ ጥሩ ጊዜ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ጥሩ ጊዜም ያሳቅቃል። የአንድ ትምህርት መጽሐፍ በግራና በቀኝ ታትሞ፣ በስፓይራል ተጠርዞ፣ ዋጋውን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት «ምዕራፍ አንድን ብቻ አውጪልኝ፤ ሁለትን እነሱ እዚያ ሲደርሱ እመጣለሁ» አለችኝ። እንዲያ እያልን የልጇን የሒሳብ መጽሐፍ በምዕራፍ ሸጥኩላት። ሌላም ጣጣ አለው። መጽሐፉ የተዘጋጀው በቀለም ነው፣ እኔ የማወጣው በጥቁርና ነጭ ነው። «ቀዩን ቅርጽ አክብቡ» ይላል ጥያቄው። አራቱም ግራጫ ናቸው።

አሁን የታተመው ደርሷል። በልጄ ክፍል አንድ መጽሐፍ ለሁለት ነው፤ አንዳንዱ ትምህርት ለሦስት። መጀመሪያ ያጣመሯቸው በስም ዝርዝር ነበር። ልጄ የደረሰው ሽሮ ሜዳ ከሚኖር ልጅ ጋር ነው። እኛ ግንፍሌ ነን። መጽሐፉ እነሱ ቤት ባደረ ቀን የእኔ ልጅ የቤት ሥራ የለውም፣ እኛ ቤት ባደረ ቀን ደግሞ የዚያ ልጅ። የመጀመሪያ ስብሰባዬ ላይ የተናገርኩት ይሄን ነው። «በስም ሳይሆን በሰፈር ይጣመሩ» አልኩ። ጸጥ አለ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ይቻላል» አሉ። በሳምንቱ ተቀየረ። አሁን ልጄ መጽሐፍ የሚጋራው ከእኛ አጥር ማዶ ካለች ልጅ ጋር ነው፤ እሑድ ማታ ሁከቱ የሁለት ቤት ሆኗል።

ይሄ ነገር አንድ ሳንቲም አልፈጀም። ሰው መናገር ብቻ ነበረበት። ኮሚቴ የገባሁትም በዚህ ተታልዬ ነው፤ ሁሉም ነገር እንዲህ የሚቀል መስሎኝ።

ስሙ ወተመህ ነው፦ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጠራል፣ አራት ተኩል ይጀመራል። የምንቀመጠው በልጆቹ ዴስክ ላይ ነው፤ ወፈር ያለ ሰው ገብቶ ለመውጣት ይቸገራል። አባቶች ኋላ ነው የሚቀመጡት፣ ያው እንደ ተማሪነታቸው ጊዜ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ለቃለ ጉባኤ ያላቸው ፍቅር ልዩ ነው። «ያልተጻፈ አልተባለም» ይላሉ። መጀመሪያ ያሰለቹኝ ነበር።

የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ የለውም ተባለ። ያመጡት የሰባተኛና የስምንተኛ ልጆች ያሏቸው እናቶች ናቸው፤ ልጆቹ ቤት እስኪደርሱ ይዘው እንደሚውሉ፣ ከዚያም ሲብስ አንዳንድ ቀን ጭራሽ እንደሚቀሩ ነገሩን። መቼ እንደሚቀሩ ሁላችንም ገባን። ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤቱ ግን ትልቅ ሮቶ አለው። ታዲያ ውሃ በመጣ ማግስት እንዴት ያልቃል? ቧንቧ ሠራተኛ የሆነ አባት ተነስቶ ወጣና አይቶ ተመለሰ። ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰብሮ መግቢያውን ዘግቶታል፤ ውሃ በመጣ ሌሊት የሚገባው ጥቂት ነው፣ በማግስቱ ያልቃል። ዕቃው ከአንድ ምሳ ግብዣ አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ትዕግሥት ያለው ያንብብ። ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ልግዛ ካለ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ለአንድ ኳስ። ለዚያ የተያዘው በጀት ደግሞ አልቋል። ቧንቧ ሠራተኛው «እኔ ገዝቼ ልግጠመው» አለ። አይቻልም። ለምን? ኦዲተር መጥቶ «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። የመንግሥት ንብረት ላይ ያልተመዘገበ ዕቃ አይገጠምም። ጠብ ሊነሳ ሆነ። አንዱ «ሴት ልጆች እየቀሩ ስለ ኦዲተር ታወራላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩም ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው፣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ያኔ ነው ሰብሳቢያችን ደብተራቸውን የከፈቱት። ወላጆች በዓይነት ስጦታ ሰጡ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ንብረት ክፍል በሞዴል 19፣ ማለትም በዕቃ መቀበያ ደረሰኝ፣ ገቢ ያድርገው፣ ከዚያ በወጪ ይውጣና ይገጠም። ጻፍን። ፈረምን። እኔ አራት ኮፒ አደረግሁት። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ጠበቅናት። ደብዳቤው ወረዳ ደርሶ ተመለሰ። ወረቀቱ ሲያልቅ ቧንቧ ሠራተኛው ቅዳሜ መጣ፣ መሰላል ወጣ፣ የቀዳንለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨርሶ ወረደ።

ይሄን ያወራሁት በቢሮክራሲ ለመሳቅ አይደለም። ሞዴል 19 ጠቃሚ ነው። ያለሱ ስንት ሮቶ በሌሊት ይወጣ እንደነበር እግዜር ይወቀው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያ ኳስ የተቀየረው መንገዱን የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ፣ ሙያ ያለው አንድ አባት፣ የማያፍሩ ሁለት ሦስት እናቶች አንድ ክፍል ውስጥ ስለተገናኙ ነው። ከእነሱ አንዱ ቢቀር አይቀየርም ነበር። በግሉ ትምህርት ቤት ቧንቧ ሲበላሽ እደውላለሁ፣ «እሺ እናት» ይሉኛል፣ ይሠራል፤ ዋጋውን በሚቀጥለው ጭማሪ አገኘዋለሁ። እዚህ የሚከፈለው በጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቅር የሚለኝ። ጊዜ ያለው ማን ነው? እኔ ሱቁን ለእህቴ ትቼ ቅዳሜ እመጣለሁ። ጉልት የምትሸጠው እናት ቅዳሜ ዋና ገበያዋ ነው። የቀን ሠራተኛው ቅዳሜን ከቀረ የቅዳሜን አያገኝም። ትምህርት ቤቱን በጣም የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሌላ ምርጫ የላቸውም። ስብሰባው ላይ ግን የምንናገረው እኛ ነን፣ ከግል ተፈናቅለን የመጣነው። አንድ ቅዳሜ ዙሪያዬን ሳይ ይሄው ገባኝ። ስለ ኮምፒዩተር ክፍል ግማሽ ሰዓት ተወራ። ስለ እንጀራው አንድ ቃል አልተነሳም፤ የእኛ ልጆች ቤታቸው ይበላሉና።

አባቴ መምህር ነበር፤ የካቲት 1966 ሥራ ካቆሙት ውስጥ ነው። ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ የድሃ ልጅ ጥቂት ዓመት ተምሮ እንዲቀር ያደርጋል ብለው መምህራን ተነሱ። ወላጆችም ተቃወሙት። የታክሲ ሾፌሮች ደግሞ በነዳጅ ዋጋ በዚያው ሰሞን አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ሰብስቦ አስቀመጠው። አባቴ ይሄን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሳው ስለ ሰልፉ አይደለም፤ ያቀዱት ሰዎች ባለሙያዎች ነበሩ፣ ብዙ አጥንተዋል፣ የድሃውን ወላጅ ግን የጠየቀው የለም ይላል። ስለ ኮሚቴያችን ስነግረው «እና ቆሎ ሻጯስ ምን አለች?» አለኝ። አልመጣችም አልኩት።

ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀረብኩ። ቅዳሜው ይቅር አላልኩም። ግን በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ወላጅ ልጁን ሲያደርስ፣ በሩ ላይ ቆመን አሥራ አምስት ደቂቃ እናውራ። ወንበር የለም፣ ንግግር የለም። ሰብሳቢያችን «ቃለ ጉባኤውስ?» አሉ። ቆሜ እጽፋለሁ አልኳቸው። ቅር እያላቸው ተስማሙ።

የመጀመሪያው ሰኞ ዝናብ ነበር፤ ተበተንን። በሁለተኛው አይተናቸው የማናውቃቸው እናቶች ቆሙ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እቃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው። አንዷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። «ልጄ ምሳ አይበላም ትላለች፤ እንጀራው አሳዩኝ» አለች። አመጡላት። ቆርሳ ቀመሰች፣ ሌላውን በጣቷ ዳበሰችው። «ሊጡ አልፎበታል። አብሲት ሳይጣልበት ብዙ ያድራል። ስንት ሰዓት ነው የምትጋግሩት?» አለች። ለምገባ የሚጋግሩት እናቶች መጀመሪያ ተኮሳተሩ። ኋላ ግን ቁጭ ብለው ሲያወሩ እኔ ሱቄን ልከፍት ሄድኩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እንጀራው ተሻሽሏል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግን ፊት አያስጨማድድም።

ዴስኮቹም በክረምቱ ተጠገኑ። ትምህርት ለትውልድ የሚባለው አገር አቀፍ ንቅናቄ ሰው በገንዘብ፣ በዕቃ፣ በጉልበት ትምህርት ቤቱን እንዲያድስ ይጠራል። በእኛ ግቢ ገንዘቡ ትንሽ ነበር፣ ጉልበቱ ብዙ። አናጢ አባቶች ነሐሴ ላይ መጡ። ሦስት ልጅ የሚቀመጥበት ዴስክ አሁንም ሦስት ይቀመጥበታል፤ ቢያንስ አይወዛወዝም።

ኢንስፔክሽን የመጣ ሰሞን ወላጅም ተጠየቀ። ትምህርት ቤት የሚመዘነው በ26 ስታንዳርድ ነው፤ ውጤቱም ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይወጣል። ግድግዳው ተቀባ፣ ሠንጠረዡ ተለጠፈ፣ ሚኒ ሚዲያው ከጠዋት ጀምሮ ይዘፍናል። «ወላጆች በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ይሳተፋሉ?» አሉኝ። ሰብሳቢያችን የቃለ ጉባኤ ክላሰሩን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔ መልስ መስጠት አላስፈለገኝም።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ፤ ልማቱ ሲቀጥልም ከእኛ ትምህርት ቤት ወላጆች የተነሱ አሉ። መንገዱ አምሯል፤ ማታ ወጥተን እንሄድበታለን፣ አልክድም። ግን ኮሚቴ የሚባለው ነገር የተሠራው ከጎረቤት ነው። ቧንቧ ሠራተኛው አባት ዛሬ ራቅ ያለ ሳይት ነው የሚኖረው። በሰፈር ያጣመርናቸው የመጽሐፍ ጓደኞች ብዙዎቹ ተበታተኑ፤ ዝርዝሩን እንደገና ሠራነው። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን ከዚያ ድረስ በአውቶቡስ ያመላልሳል፤ ልጁ ጠዋት የሚደርሰው ቁርሱ ሊያልቅ ሲል ነው። ለነዚህ ልጆች ቁርስ ይቆይላቸው የሚለው አሁን የበር ላይ ስብሰባው አጀንዳ ነው። መጋቢ እናቶቹ እሺ ብለዋል። አስተዳደሩ ገና እያሰበበት ነው።

እንግዲህ ልጃችሁን ላምጣው ወይ ለምትሉኝ። ልጃችሁ ጎበዝ ከሆነ ይማራል። ደከም ያለ ከሆነ እናንተ ረድፉን አውቃችሁ ከኋላው መቆም አለባችሁ፤ ስድሳ ልጅ ውስጥ ዝም ያለ ልጅ በቀላሉ ይጠፋል። እንግሊዝኛ እንደ ግሉ አትጠብቁ። ሒሳብና ጠባይ ግን አግኝቼበታለሁ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ግማሹ ኮከብ የሒሳብ መምህሯ ነው።

ለምዝገባ ክረምቱ ሳይወጣ ሂዱ፣ መስከረም ላይ ቦታ ይሞላል። መልቀቂያውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ «ወላጆች የሚገናኙት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀኑን ከነሰዓቱ ከነገራችሁ ግቡ። «የምን ወላጆች?» ካላችሁ ደግሞ አመስግናችሁት ወደ ሚቀጥለው ትምህርት ቤት እለፉ፤ በዚህ ሰፈር ትምህርት ቤት ሞልቷል። ኮፒ የሚያስፈልጋችሁ እንደሆነ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት አለሁ።